38 ሺህ ቃል ላይ የቆመ የመጀመሪያ ልብ ወለድ፤ መሃሉን እንዴት ልሻገር?

የከዚራ_ጥላ፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ጥያቄዬ ረዘም ይላል፣ ታገሡኝ።

የመጀመሪያ ልብ ወለድ ነው። ታሪኩ ድሬዳዋ ላይ ከ1996 እስከ 1998 ዓ.ም. ይሄዳል። ዋናዋ ሰው ፋጡማ ከጅቡቲ ድንበር፣ ከደወሌ፣ በባቡር ቦንዳ ልብስ እያስገባች ትሸጣለች፤ ከሐጂ ዩሱፍ 14 ሺህ ብር ተበድራለች። ሁለተኛው መኮንን የሚባል ፊናንስ፣ ማለትም ኮንትሮባንድ የሚይዝ ጠባቂ ነው። አንዱ ምዕራፍ የእሷ፣ ቀጣዩ የእሱ፣ እንዲህ እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ሙሉው 70 ሺህ ቃል እንዲሆን ታስቦ 38 ሺህ ላይ፣ ምዕራፍ 11 ላይ ቆሟል። ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር የሚሠራው ሥራ ምዕራፍ 1ን ማረም ብቻ ሆኗል፤ አሁን ስድስተኛው እርማት ላይ ነን። መጨረሻው ድሬዳዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ የ1998ቱ ጎርፍ ነው፤ እዚያ የሚያደርሰው መንገድ ግን አልታይ አለኝ።

መጀመሪያውን አስተካክዬ ልቀጥል ወይስ ልተወው? ጎርፉ ለመጨረሻነት ይሆናል? የኦሮምኛውንና የሶማልኛውን ንግግርስ በግርጌ ማስታወሻ ልተርጉመው?

የቆመበት ቦታ ይኸውላችሁ (ቀፊራ የድሬ ገበያ ነው)፣ አትራሩልኝ፦

«ፋጡማ በሩን ከፍታ ወጣች። ፀሐይዋ ታቃጥላለች። ድሬዳዋ እንደ ሁልጊዜው ሞቃት ነበረች። በልቧ ብዙ ነገር አሰበች። ስለ ዕዳዋ አሰበች። ስለ ልጇ አሰበች። ሐጂ ዩሱፍ ገንዘባቸውን እንደሚፈልጉ ታውቃለች። ወደ ቀፊራ ሄደች። መንገድ ላይ ሳለች መኮንንን አየችው። በጣም ደነገጠች። ሰላም ሳትለው አለፈች።»

ጀርባ_ሽፋን፦

ምዕራፍ 1ን ዝጊው። ስድስት ጊዜ የታረመው ዓረፍተ ነገሩ ነው፤ ይዘቱ ግን መጨረሻው ሳይታወቅ ሊታረም አይችልም። ፋጡማ በመጨረሻው ገጽ ምን እንደምታደርግ ካልቆረጥሽ፣ በመጀመሪያው ገጽ የቱን ነገር አስቀምጠሽ የቱን እንደምታነሺ በምን ታውቂያለሽ? አንድ ወረቀት ላይ «ምዕራፍ 1 ላይ የሚለወጥ» ብለሽ ጻፊና የመጣልሽን ሁሉ በአንድ በአንድ መስመር እዚያ ጣይው። «ሐጂ ከመጀመሪያው መታየት አለባቸው» ብለሽ ጽፈሽ ትሄጃለሽ። ፋይሉ ግን አይከፈትም።

ከዚያ ትዕይንቶቹን ቁጠሪ። ኤ4 ወረቀት ለአራት ቅደጂ፤ ለእያንዳንዱ ትዕይንት አንድ ቁራጭ፣ በእያንዳንዱ ቁራጭ ሦስት መስመር፦ ማን ምን ፈልጎ ገባ፤ ምን ከለከለው፤ ሲወጣ ምን ተለውጧል። 38 ሺህ ቃል ውስጥ አርባ ገደማ ትዕይንት ይኖራል፤ የሁለት ቀን ሥራ ነው። ሦስተኛው መስመር ባዶ የቀረበትን ቁራጭ ጥጉን እጠፊው። የታጠፉት ተከታትለው ከሦስት ካለፉ ታሪኩ የሞተው እዚያ ነው፤ ምዕራፍ 11 መሞቱ የታወቀበት ቦታ ነው እንጂ የሞተበት አይደለም። ብዙ ሰው የቆመበትን ገጽ እየደጋገመ ይጽፋል፤ ብልሽቱ ያለው ግን ሠላሳ ገጽ ወደ ኋላ ነው።

ከጻፍሽው ስገምት ዕዳው ከምዕራፍ 1 እስከ 11 ያው 14 ሺህ ነው። የማይንቀሳቀስ ዕዳ የሰዓት ሥዕል እንጂ ሰዓት አይደለም። ሒሳብ ስጪው። አንድ ጉዞ 600 ብር ያስገኛል እንበል፤ ግማሹን ቤት ይበላዋል፣ 300 ይተርፋል። 14 ሺህ ማለት እንግዲህ ወደ 47 ጉዞ ነው፤ በሳምንት አንዴ ብትሄድ ዓመት ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። አሁን የ3 ሺህ ብር ቦንዳ ፊናንስ ይያዝባት። 10 ጉዞ ሄደ። አንባቢው ይህን ሒሳብ አንዴ ከጨበጠ፣ መኮንን ቦንዳ ላይ እጁን ባሳረፈ ቁጥር የሚታየው ጨርቅ ሳይሆን አስር ሳምንት ነው። «ተጨነቀች» ማለት አያስፈልግሽም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ሐጂ ወለድ እንዳይጠይቁ፤ የድሬ አንባቢ ገና በዚያው ገጽ መጽሐፉን ይዘጋዋል። ጫናው ከሌላ ቦታ ይምጣ፦ ከቀን። «ሻዕባን ሳይገባ» (ከረመዳን በፊት ያለው ወር) ብለው ይቁረጡ፤ ወይም ገንዘቡ የእሳቸው ሳይሆን የሰው አማና (አደራ) ይሁን።

ወደ ጎርፉ ልምጣ። ለመጨረሻ ካስቀመጥሽው ደቻቱ የፋጡማን ዕዳ ይከፍልላታል። መዝገቡም፣ ቦንዳውም፣ አበዳሪውም በአንድ ሌሊት ከሄዱ እሷ የወሰነችው ነገር የታለ? በዚያ ላይ 1998 የሚለውን ቁጥር ያየ ድሬዳዋዊ ሁሉ ጎርፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ይጠብቀዋል፣ ስለዚህ ድንገተኛ ሊሆን አይችልም። ማስጨነቅ ግን ይችላል፤ አሸዋውን ቀድመሽ ካሳየሽ። ደረቅ አሸዋ፣ ሰው በእግሩ የሚሻገረው፣ ልጅ ኳስ የሚጫወትበት፣ ከላይ ደጋው ላይ ሲጠቁር ማንም ቀና ብሎ የማያየው።

ስለዚህ ጎርፉን ወደ ሦስት አራተኛው ሳቢው፤ ከእሱ በኋላ ቢያንስ አራት ምዕራፍ ይኑር። ከ200 በላይ ሰው የሞተበት ሌሊት ነው፤ ቤተሰቦቻቸው ከተማው ውስጥ አሉ፤ ለታሪክ መዝጊያ ብቻ ማዋሉ በራሱ ይከብዳል። ጎርፉ የሚሠራልሽ ሥራ ማስረጃ ማጥፋት ነው። ሐጂ ሞተዋል፣ መዝገቡ ጭቃ ሆኗል፣ ስንት እንዳለባት የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ወራሹ ልጅ ለቅሶው ላይ ቀርቦ «ካንቺ ላይ ስንት ነበር?» ይላታል። የምትጠራለት ቁጥር ነው መጨረሻሽ።

የግርጌ ማስታወሻውን ተይው፤ ዓይን ወደ ታች ወርዶ ሲመለስ ትዕይንቱ ይበርዳል። ቃሉን እንዳለ አስቀምጪና ትርጉሙን ከመልሱ ወይም ከእጅ እንቅስቃሴው እንዲገባ አድርጊ። በአንድ ገጽ ከሁለት በላይ የባዕድ ሐረግ ካለ ግን ሰውየውን አማርኛ አናግሪውና «በሶማልኛ አላት» ብለሽ እለፊ።

ቀይ_እስክሪብቶ፦

እኔ የለጠፍሽውን አንቀጽ ብቻ ነው የማየው።

11 ዓረፍተ ነገር አለው። አስሩ «ች» ላይ ያልቃል፣ አንዱ «ችው» ላይ። ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ መዶሻ ነው። አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ስለሚያስቀምጥ፣ ባለቤቱ ሳይለወጥ አጫጭር ዓረፍተ ነገር ከተደረደረ ሳይፈለግ ቤት ይመታል። «ከተማ»ንም «ፀሐይ»ንም በሴት ስለጠራሽ ባሰበት። መድኃኒቱ ዓረፍተ ነገር ማርዘም ብቻ አይደለም። ባለቤቱን ለውጪ፦ በሩ፣ ጥላው፣ ሰውየው ያድርግ። ወይም በመሃል አንድ ሰው ይናገር።

«ታቃጥላለች» ብለሽ ወዲያው «ነበረች» ብለሻል። አንዱን ምረጪ። ደግሞ ድሬዳዋ ሞቃት መሆኗ ለማን ነው ዜናው? ሙቀቱ ሰውን ምን እንዳስደረገው ጻፊ። «አሰበች» ሦስት ጊዜ ተደጋግሟል፤ ያሰበችው ነገር ግን አንድም ጊዜ አልታየም። ከሁሉ የሚከፋው የመጨረሻው ነው፤ ሁለቱን አገናኝተሽ ምንም ሳይሆን አሳለፍሻቸው። ታሪኩ የቆመው እኮ እዚህ ላይ አንቺ ራስሽ ስላዳንሻት ነው።

ለምሳሌ ያህል፦

«የቆርቆሮው በር እጀታ ስለፈጃት በድሪያዋ ጫፍ ያዘችው። የግድግዳው ጥላ አንድ ክንድ አይሞላም፤ እሱኑ ተከትላ ወደ ቀፊራ ወረደች። መኮንን ብርቱካን ይመርጥ ነበር። ዩኒፎርም አልለበሰም።

“ምን ያስሮጥሻል?” አላት ቀና ሳይል። “ቦንዳው እኮ እኔ ቤት ነው።”»

በቃላት ቁጥር አልጨመርንም፣ እንዲያውም ቀንሰናል። ግን ቦንዳው ለመንግሥት ገቢ እንዳልሆነ ታወቀ፤ እሱም እሷም ከዚህ በኋላ እኩል ወንጀለኛ ናቸው። ምዕራፍ 12 ራሱን ይጽፋል።

አንቱታውን ደግሞ አስቢበት፤ እዚህ አገር ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ድሬም ሐረርም ሰው ሽማግሌውንም «አንተ» ይላል፣ ንቀት የለበትም። ትረካሽ «ገንዘባቸውን» ሲል ንግግሩ «አንተ ሐጂ» ካለ፣ ተራኪውና ባለታሪኳ የሁለት አገር ሰው ይሆናሉ። ተራኪው የፋጡማን ትከሻ ተደግፎ የሚያይ ስለሆነ በእሷ ምዕራፎች «ሐጂ ገንዘቡን ይፈልጋል» በዪ። መኮንን ከመሃል አገር የመጣ ከሆነ በእሱ ምዕራፎች ውስጥ ያው ሰውዬ «እሳቸው» ይሁን። ርዕስ ላይ ስም ሳትጽፊ አንባቢው ከመጀመሪያው መስመር የማን ምዕራፍ እንደሆነ ያውቃል። እንዲያውም መኮንን አንድ ቀን ሳያውቀው «አንተ ሐጂ» ብሎ ቢያመልጠው፣ ከተማው እንደዋጠው ለማሳየት ሌላ ገጽ አያስፈልግሽም።

አሸዋ_ሜዳ፦

አቦ፣ ካርዱ ጥሩ ነው፤ ግን ቅደም ተከተሉ ላይ አልስማማም። ተጣብቆ የቆየ ሰው ሁለት ቀን ወረቀት ሲቀድ ሌላ ማምለጫ አገኘ ማለት ነው። መጀመሪያ የመጨረሻውን ትዕይንት ትጻፈው፤ ለቅሶው፣ የሐጂ ልጅ፣ ቁጥሩ። 800 ቃል ይበቃል፣ ሻካራ ይሁን። መድረሻው ተጽፎ ካለ ካርዶቹን ስትሞላ የትኛው ወደዚያ እንደሚሄድና የትኛው እንደማይሄድ ወዲያው ይለያል። አለበለዚያ የቱም ትዕይንት አስፈላጊ ይመስላታል።

መፈራረቁንም ጣይው። አንድ የእሷ አንድ የእሱ የሚል ሕግ ካለ፣ መኮንን ምንም ባላጋጠመው ሳምንትም ምዕራፍ ይገባዋል፤ ያን ጊዜ ሰውየው ሲጋራ ያጨሳል፣ ልጅነቱን ያስታውሳል፣ ዝናብ ያያል። ከታጠፉት ካርዶች አብዛኞቹ የእሱ እንደሚሆኑ እወራረዳለሁ። ሦስት የእሷ፣ አንድ የእሱ ቢሆን ማንም አይከስሽም።

አሁን ዋናው። 70 ሺህ የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ከውጭ አገር የአጻጻፍ መመሪያ ከሆነ ለአማርኛ አይሠራም። «አልመጣችለትም» አንድ ቃል ናት፤ በሌላ ቋንቋ አራት አምስት ቃል ይፈጃል። በመጽሐፍ መጠን፣ በ12 ነጥብ ፊደል፣ አንድ የአማርኛ ገጽ 250 ቃል ገደማ ይይዛል። 70 ሺህ ማለት 280 ገጽ ነው፤ ማተሚያ ቤት ወረቀቱን በ16 ገጽ ስለሚያጥፍ 288 ይሆናል። ለመጀመሪያ መጽሐፍ ከባድ ነው፤ በወረቀቱም ዋጋ በአንባቢም ትዕግሥት። ከ50 እስከ 55 ሺህ ቃል ሙሉ ልብ ወለድ ነው። የቀረሽ እንግዲህ 32 ሺህ ሳይሆን ከ12 እስከ 17 ሺህ ነው፤ የሞቱት ትዕይንቶች ሲወጡ ትንሽ ከፍ ይላል። 20 ሺህ በዪው። በቀን 400 ቃል፣ በሳምንት አምስት ቀን፣ አስር ሳምንት።

ሰዓቱን ጠዋት አድርጊው፣ ከ12 እስከ 2፤ ድሬ ከሰዓት በኋላ ለማሰብ አትመችም። ለነገ የሚሆን አንድ ግማሽ ዓረፍተ ነገር ትተሽ ተነሺ። በርጫ (ጫት) ላይ ስለሚጻፈው ደግሞ ይነሳ፣ ሁሉም የሚያውቀው ጉዳይ ነውና። ምርቃና ገጽ ያበዛል፤ ችግሩ ሁሉም ሰው በአንድ አፍ መናገሩ ነው። ፊናንሱም፣ ሐጂም፣ ሕፃኑም ፈላስፋ ይሆናሉ፤ አንድ ንግግር ሁለት ገጽ ይወስዳል። እንዲያ የተጻፈ ካለ በሌላ ቀለም ምልክት አድርጊበትና በሦስተኛው ቀን ጠዋት አንብቢው። ንግግሩን ለሌላ ሰው ብታዞሪው ምንም ለውጥ ካላመጣ ይቆረጥ።

ፔጆ_404፦

የተረሳውን ልጨምር፣ ዘመኑን ማለቴ ነው። 1998 ቅርብ ስለሚመስል ሰው ሳያጣራ ይጽፈዋል።

ጎርፉ የወረደው ሐምሌ 29 ለ30 ሌሊት ነው፣ ቅዳሜ ለእሑድ። በውጭ ዘገባ ኦገስት ስለሚል ብዙ ሰው ነሐሴ ብሎ ይገለብጠዋል፤ ነሐሴ ግን የገባው በማግስቱ ሰኞ ነው። የ«ሻዕባን» ሐሳብ ይሠራል፤ ጎርፉ ረጀብ ላይ ነው የዋለው፣ ሻዕባን የገባው ከዚያ በኋላ ወደ ሦስት ሳምንት ቆይቶ ነው። ማለትም ከአደጋው በኋላ ቀነ ገደቡ ገና አላለፈም፤ ይህ ለመጨረሻዎቹ አራት ምዕራፎች የተዘጋጀ ሰዓት ነው።

ከ1997ቱ ምርጫ በኋላ ፋጡማ ለማንም የሞባይል አጭር መልእክት አትልክም። አገልግሎቱ ያኔ ተዘግቶ እስከ ሚሊኒየሙ መባቻ አልተከፈተም። ትደውል፣ ወይም ሰው ትላክ፤ ለታሪኩም ይሻላል፣ የተላከ ሰው ይሳሳታልና። የ200 ብር ኖት የወጣው በ2013 ነው፤ 14 ሺህ ብር ማለት ያኔ መቶ አርባ ባለመቶ ኖት ነው፣ ኪስ ያሳብጣል፣ የት እንደምትደብቀው አስቢ። ባቡሩም የድሮው ነው፣ የምትወርደውም መሃል ከተማ ለገሃር። ከከተማው ወጣ ያለው አዲሱ ጣቢያ ከአዲሱ መስመር ጋር የመጣ ነው፤ መስመሩም የተመረቀው በ2009 መግቢያ ላይ ነው።

ፋይሉን በሚመለከት፦ «ሐጂ» እና «ሀጂ»፣ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ለኮምፒውተሩ የተለያዩ ቃላት ናቸው። አንዱን ስትፈልጊ ሌላውን አያሳይሽም፤ እርማት ላይ ግማሹ ይቀራል። ዛሬውኑ የስሞችና የቦታዎች ዝርዝር አውጪ፤ እያንዳንዱ በአንድ ፊደል ይወሰን። ግን «ሀ»ን በሙሉ በ«ሐ» ቀይር ብለሽ እንዳታዢው፤ «ሀብታም»ም «ሀያ»ም አብረው ይነዳሉ። ቃል በቃል ለውጪ። ምዕራፎቹ በድሮው የግዕዝ ሶፍትዌር ተጽፈው ከሆነ ሌላ ማሽን ላይ ሲከፈቱ የላቲን ፊደል ዝባዝንኬ ይሆናሉ፤ ከመቀጠልሽ በፊት ወደ ዩኒኮድ አስቀይሪያቸው። በየምሽቱ ደግሞ ቀኑን በፋይሉ ስም ላይ ጽፈሽ ወደ ራስሽ ቴሌግራም ላኪው። መብራት መሃል ላይ ሲሄድ የሚጠፋው ገጽ ሁልጊዜ ጥሩው ገጽ ነው።

የከዚራ_ጥላ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። አሸዋ_ሜዳ እንዳለው የለቅሶው ትዕይንት መጀመሪያ ተጻፈ፣ 740 ቃል ሆነ። ከዚያ ካርዱ፦ 41 ትዕይንት ተገኘ፣ 13ቱ ታጠፉ፣ ከእነሱም 9ኙ የመኮንን ናቸው፤ ውርርዱን በልተሃል። የሚገርመው ተከታትለው የታጠፉት ከምዕራፍ 6 እስከ 8 ነው፣ ምዕራፍ 10 እና 11 ላይ የታጠፈው ሁለት ብቻ ነው።

አንድ ጥያቄ ቀረኝ። የታጠፉትን አሁኑኑ ልቁረጣቸው ወይስ መጨረሻው ድረስ ይቆዩ? ወደ 9 ሺህ ቃል ይሆናሉ፣ እጄ አልታዘዝ አለ።

ጀርባ_ሽፋን፦

አትሰርዣቸው፣ ወደ ሌላ ፋይል አውጫቸው። «ጓዳ» በይው። ምዕራፍ 6 ከወጣበት ቦታ ላይ በቅንፍ አንድ መስመር ብቻ ተዪ፦ (ቦንዳው ይያዛል፤ ዕዳው 11 ሺህ ደርሶ ወደ 14 ይመለሳል)። ከዚያ ሳትሞዪው በቀጥታ ወደ ምዕራፍ 12 ሂጂ። መሃሉን የምትሞዪው መጨረሻው ካለቀ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ከ9 ሺሁ ውስጥ ምናልባት ሁለቱ ሺህ ተፈልጎ ይመለሳል፣ አብዛኛውን ጊዜ ንግግሩ። እጅ የማይታዘዘው ስለ ቃሉ ብዛት ነው እንጂ ስለ ትዕይንቱ አይደለም፤ ከታጠፉት የአንዱን ይዘት ካርዱን ሳታዪ ለሰው መናገር ከቻልሽ ብቻ መልሺው።

ቀይ_እስክሪብቶ፦

የቀፊራውን አንቀጽ እንዳለ እንዳትወስጂው፣ ለምሳሌ የተጻፈ ነው። መኮንን ቦንዳውን ለምን ቤቱ እንዳስቀመጠ እኔ አላውቅም፣ አንቺ ማወቅ አለብሽ። ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር መጻፍ ካልቻልሽ ያንን መስመር አታስገቢው።

ፔጆ_404፦

ደግሞ ትዕይንቱ በየትኛው ወር እንደሆነ እይ። ብርቱካን በዚያ ወር ቀፊራ በብዛት ይወጣ እንደሆነ ሻጮቹን ሄደሽ ጠይቂ፤ ካልወጣ የወሩን ፍሬ ይምረጥ።